ሸገር ላይ ሆናችሁ የጉበት ሴል አሳድጋችሁ መድኃኒት እንዴት ከሰውነት እንደሚወጣ ለማጥናት ለምታስቡ

ባለፈው ጥቁር አንበሳ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን ማስተርሱን ሊጀምር ያለ አንድ ልጅ «ሴሉ እጄ ይግባ እንጂ ሌላውማ ምን ያስቸግራል፣ መድኃኒቱን ጠብ አድርጎ በየሰዓቱ ስንት እንደቀረ መለካት ነው» አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ልክ እንደዛ ነበር የማወራው። ሁለት ወር ሙሉ ፕሌት (ሴሉ የሚያድግበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ መድኃኒት ስጨምር፣ ሳምፕል ስወስድ፣ ስለካ ከረምኩና ግራፉን ስስለው ቀጥ ያለ መስመር፣ ከ4 ሰዓት በኋላም መድኃኒቱ እዛው ነው። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ መሰላችሁ፣ «መድኃኒቱን ጉበት አይነካውም»። ላቡ (ላቦራቶሪው) ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ከኋላዬ ቆመው አዩትና «ልጄ፣ መድኃኒቱ ነው የማይጠፋው ወይስ ሴሉ ነው ማጥፋት የማይችለው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ሁለት ወሩም እዛው ቀለጠ።

ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ ያቺን የጋሼን ጥያቄ ለመመለስ ነው በሉት። ላብ ውስጥ ያደገ የጉበት ሴል ጉበት መሆኑን ቶሎ ይረሳል፣ የረሳ ሴል ደግሞ አይሞትም፣ አይናገርም፣ ማይክሮስኮፕ ስር ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ቁጥርም ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትለኩ በአጭሩ። መድኃኒት በደም ተጭኖ ጉበት ሲደርስ ሴሉ ውስጥ መግባት አለበት፣ አንዳንዱ በራሱ ሰርጎ ይገባል፣ አንዳንዱን ኦኤቲፒ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው ተሸክመው የሚያስገቡት። ከገባ በኋላ ሲዋይፒ የምንላቸው ኢንዛይሞች አብዛኛውን ጊዜ ኦክስጅን ይለጥፉበታል (ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉት ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲጣበቁ 450 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ስለሚውጡ ነው፣ ስሙ ሲበዛ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ይሄው ነው)፣ ከዛ ዩጂቲ የሚባሉት ደግሞ ግሉኩሮኒክ አሲድ ይለጥፉበትና ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ያደርጉታል፣ ከዛ ወይ ወደ ሐሞት ይጣላል ወይ ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ከእነዚህ በር፣ ኢንዛይም፣ መውጫ ከሚባሉት አንዱ ሴላችሁ ውስጥ ከሌለ ሙሉው ሰንሰለት ይበጠሳል፣ እናንተ ግን የምታዩት «መድኃኒቱ አልቀነሰም» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ሴል ምርጫ። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ሄፕ ጂ2 የሚባለው የሴል ዘር ላይ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እንደ አረም ያድጋል፣ ጎረቤት ላብ ፍሪዘር ውስጥም አይጠፋም። ከአንድ የ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ የጉበት ዕጢ የመጣ ነው፣ 1979 ላይ ነው ለዓለም የተዋወቀው። አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ያመርታል፣ መርዛማነት ለማየት ለአንዳንድ ነገር ይሆናል፣ ግን የሲዋይፒ ኢንዛይሞቹ ከእውነተኛ ጉበት ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም። እኔን ሁለት ወር ያስጨፈረኝ እሱ ነው። ለክሊራንስ (መድኃኒት ምን ያህል ቶሎ እንደሚጸዳ) ጥናት አትጠቀሙት፣ በቃ፣ ፕሮፖዛላችሁ ላይ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

ሁለተኛው ሄፓ አርጂ ነው፣ 2002 ላይ ከፈረንሳይ የወጣ፣ ሄፓታይተስ ሲ ከነበረባት ሴት ዕጢ የተወሰደ። ይሄኛው ጎበዝ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ሲዋይፒ 3ኤ4ን ጨምሮ ብዙዎቹን ኢንዛይሞች ደህና አድርጎ ያወጣል፣ ችግሩ ዋጋው ነው፣ እሱን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ፣ ደግሞም ለመብሰል አንድ ወር ይፈልጋል። ሦስተኛው ከአይፒኤስ ሴል የሚሠራው ነው፣ ያማናካ የሚባለው ጃፓናዊ 2006 ላይ በአይጥ 2007 ላይ በሰው ሴል አሳይቶ 2012 ላይ ኖቤል ያገኘበት፣ የቆዳ ወይ የደም ሴል ወደ መጀመሪያው ዘመኑ መልሳችሁ ከዛ ሴሉን ምን እንደሚሆን የሚነግሩትን ፕሮቲኖች፣ አክቲቪን ኤ፣ ቢኤምፒ4፣ ኤችጂኤፍ፣ ኦንኮስታቲን ኤም እያላችሁ በተራ በተራ እየመገባችሁ ሦስት ሳምንት ከምናምን ውስጥ ጉበት መሰል ታደርጉታላችሁ። ሐሳቡ እጅግ ያምራል ምክንያቱም ከማንም ሰው፣ ከራሳችን ሰው፣ ሴል መሥራት ይቻላል፣ ግን የሚወጣው ሴል የፅንስ ጉበት ነው የሚመስለው፣ አልፋ ፌቶ ፕሮቲን እያመረተ፣ 3ኤ4 በሚሠራበት ቦታ የፅንሱን 3ኤ7 ይዞ። አራተኛው ከሰው ጉበት በቀጥታ ተወስዶ በናይትሮጅን የተቀዘቀዘው ነው፣ እሱ ላብ ውስጥ ያደገ አይባልም፣ በተለመደው ፕሌት ላይም አይባዛም፣ ግን ሁሉም የሚለካው በሱ ነው፣ አንድ ሁለት ቫይል ለማነጻጸሪያ ብታገኙ ወርቅ ነው። እሱም ቢሆን ፕሌት ላይ ካረፈ በኋላ በ24 እና በ48 ሰዓት ውስጥ ኢንዛይሞቹ እየወረዱ ይሄዳሉ፣ እርሳቱ ማንንም አይምርም።

እኔ የምመክረው ሄፓ አርጂ ነው፣ ከዚህ በታች ያለውም በሱ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ የሰው ሴል ስለሆነ ኢቲክስ ኮሚቴ ጋ ወረቀቱን አስገቡ፣ ሴሉን የሚልክላችሁ ደግሞ የማቴሪያል ትራንስፈር ስምምነት ይፈልጋል፣ ይሄ ሁለቱ አንድ ላይ ከሴሉ ማደጊያ በላይ ጊዜ ይበላሉ። ሁለተኛ ሴሉ ቦሌ ሲደርስ ድራይ ሺፐር የሚባለው በናይትሮጅን ትነት የሚቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ የሚቆየው ለተወሰኑ ቀናት ነው፣ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት እንዳይደርስ አድርጋችሁ እዘዙ። የኔ አንዱ ዓርብ ደርሶ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ፊርማ ጎደለ ተብሎ፣ ሰኞ በዓል ሆኖ፣ ማክሰኞ ስከፍተው ቴርሞሜትሩን አይቼ ዝም ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ራሱ ከተማችን ውስጥ አይጠፋም፣ ለላም ማዳቀያ የሚያገለግለው ያው ነው፣ ታንኩን ግን በየሳምንቱ በእንጨት ማስመሪያ ለኩት፣ «ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ነበር» ማለት አይሠራም።

አሁን ወደ ሸገር ልዩ ጣጣ። ማንም ፕሮቶኮል ላይ የማይጽፈው ነገር ከፍታችን ነው። ፕሮቶኮሎቹ ሁሉ ባሕር ጠረፍ ወይ ለባሕር ቅርብ የሆነ ቦታ የተጻፉ ናቸው፣ እኛ ደግሞ 2300 እና 2400 ሜትር መሃል ላይ ነን፣ የአየር ግፊታችን የነሱ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኢንኩቤተሩ (ሴሉ የሚያድግበት ሞቃት ሳጥን) 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲል እዛ 38 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ማለት ነው፣ እዚህ ያው 5% 29 ገደማ ብቻ ነው፣ ሚዲያው (ሴሉ የሚመገበው ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ደግሞ የተመጠነው ለ38 ነው። ውጤቱ ምንድነው፣ ሚዲያው ወደ አልካላይን ይሄዳል፣ ሚዲያው ውስጥ ያለው ቀለም ጠቋሚ ፊኖል ሬዱ ከብርቱካናማ ቀይ ወደ ሐምራዊ ይቀየራል፣ ሴሉም ይከፋዋል። እኛ ሦስት ሳምንት ሚዲያው ተበላሽቷል ብለን አዲስ ስናሠራ ነበር፣ ከዛ አንዷ ልጅ ፒኤች ሜትር አምጥታ ለካችውና ነገሩ ገባን። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን 6.5% አካባቢ አድርጉት፣ ግን ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትመኑ ምክንያቱም አንዳንዱ ኢንኩቤተር ሴንሰሩ የሚለካው ግፊቱን ነው አንዳንዱ ደግሞ ፐርሰንቱን፣ ስለዚህ ሴል የሌለበት ሚዲያ በክፍት ዲሽ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ጠዋት ቶሎ ፒኤች ለኩ፣ 7.4 አካባቢ እስኪሆን አስተካክሉ።

ኦክስጅኑም እንደዛው ነው፣ የኛ አየር የሚሰጠው ግፊት በሩብ ያነሰ ነው፣ የጉበት ሴል ደግሞ ኦክስጅን ላይ ሆዳም ነው። ሴሉ ፕሌቱ ታች ተለጥፎ ኦክስጅኑ ከላይ በሚዲያው በኩል ስለሚወርድለት ሚዲያውን ጥልቅ አታድርጉት፣ 24 ጉድጓድ ባለው ፕሌት 0.4 ሚሊሊትር ይበቃል፣ «ለመተማመኛ» ብሎ 1 ሚሊ የሚሞላ ሰው ሴሉን እያፈነው ነው። ኦቶክሌቩም (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው) አለ፣ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው የሚባለው ለነሱ ነው፣ እኛ ጋ 121 ለመድረስ 18.5 አካባቢ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ግፊቱን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን እዩ። ሽሮ እዚህ ሲንተከተክ ውሃው 100 እንደማይደርስ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም።

ማሳደጉ እንዲህ ነው። ቫይሉን ከናይትሮጅን አውጥታችሁ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እየነቀነቃችሁ አሟሙት፣ ትንሽ የበረዶ ፍንጣሪ ሲቀር አውጡ፣ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። በሞቀ ሚዲያ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ በቀስታ ሴንትሪፊውጅ አድርጉና ሴሉ ሲቀዘቅዝ እንዳይጎዳ የተጨመረውን ዲኤምኤስኦ ጣሉ። ትራይፓን ብሉ ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ የሞተው ሰማያዊ ይሆናል፣ ያልተቀባው ከ80% በታች ከሆነ እኔ አልቀጥልበትም። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 26 ሺህ ገደማ ዝሩ። ሚዲያው ዊልያምስ ኢ ነው፣ ሴረም 10%፣ ኢንሱሊን፣ ግሉታሚን፣ አንቲባዮቲክ፣ እና ሃይድሮኮርቲዞን 50 ማይክሮሞላር። ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ መግቡት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሚዲያ መቀየር ብቻ ነው፣ ተጠጋግቶ ፕሌቱን ሲሞላ 2% ዲኤምኤስኦ ያለበት ሚዲያ ይጀመራል፣ ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት። አዎ 2%፣ ሌላውን ሴል የሚገድል መጠን ነው፣ ይሄኛው ግን በሱ ነው የሚበስለው። ሲያበቃ ማይክሮስኮፕ ላይ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ፣ ደሴት ደሴት ሆነው የቆሙ ባለ ማዕዘን ደማቅ ሴሎች እና በመሃላቸው የተነጠፉ ጠፍጣፋ ሴሎች። ደማቆቹ ጉበቶቹ ናቸው፣ ጠፍጣፋዎቹ የሐሞት ቱቦ ዓይነት ናቸው፣ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፣ ይሄን ለስሌቱ ያዙት። ከ20 ፓሴጅ (ሴሉ ተከፋፍሎ ወደ አዲስ ዕቃ የተዛወረበት ብዛት) በላይ የሄደ ሴል ደግሞ መብሰል ስለሚያቅተው ማንም «አለኝ ልስጥህ» ቢላችሁ መጀመሪያ ፓሴጁን ጠይቁት። ማይኮፕላዝማ የሚባለውን ባክቴሪያም በየወሩ አስመርምሩ፣ በዓይን አይታይም፣ ሚዲያውን አያደፈርስም፣ ዝም ብሎ ይበላል።

መብራት ሲሄድስ? አንድ ወር የለፋችሁበት ፕሌት ስለሆነ ኢንኩቤተሩ ከዩፒኤስ ጋር ይሁን፣ ጄኔሬተር ካለ ደግሞ ማን እንደሚያስነሳው ቅዳሜና እሑድ ጭምር ስሙ ይታወቅ። የጋዝ ሲሊንደሩም ተጠባባቂ ይኑረው። መብራት ከሄደ የኢንኩቤተሩን በር አትክፈቱ፣ ገብቶ «እስኪ ምን ሆነ» ብሎ የሚከፍት ሰው ሁሌም አለ።

እሺ ሴሉ በሰለ። አሁን ነው የጋሼ ጥያቄ የሚመጣው። የራሳችሁን መድኃኒት አትንኩት፣ መጀመሪያ ሴሉን ፈትኑት። አልቡሚን እያመረተ ነው ወይ፣ ጥሩ፣ ግን ያ አይበቃም፣ ሄፕ ጂ2ም አልቡሚን ያመርታል። ፈተናው ሥራ ነው። ሰው ውስጥ ጉበት በየትኛው ኢንዛይም እንደሚያጠፋው በደንብ የሚታወቅ መድኃኒት ስጡት፣ ለሲዋይፒ 3ኤ4 ሚዳዞላም የሚባለው ማስተኛ መድኃኒት ነው፣ አንድ ቦታው ላይ ሃይድሮክሲ ሲለጠፍበት ታዩታላችሁ፣ ቴስቶስቴሮንም ይሆናል። ለ1ኤ2 ፌናሲቲን፣ ለ2ቢ6 ቡፕሮፒዮን፣ ለ2ዲ6 ዴክስትሮሜቶርፋን። ዋናው ነገር የሰጣችሁት ሲቀንስ ብቻ ሳይሆን የሚወጣው ሜታቦላይት (መድኃኒቱ ተቀይሮ የሚሆነው ነገር) ሲጨምር ማየት ነው፣ መቀነስ ብቻውን ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎም ይሆናል። ቶሎ የሚጠፋ አንድ፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋ አንድ ምረጡና በየሙከራው አብራችሁ አስኬዱ፣ በየሙከራው ነው የምለው፣ መጀመሪያ ቀን ብቻ አይደለም። ሚዳዞላሙ ካልጠፋ የዛን ቀን ዳታ የለም፣ ተነስታችሁ ቡና ጠጡ።

ሙከራው ራሱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ዲኤምኤስኦውን ከሚዲያው አውጡት ምክንያቱም ያበሰለው ነገር ራሱ ኢንዛይሞቹን ያፍናል፣ ሙከራውንም ሴረም በሌለው ሚዲያ አድርጉት፣ አለበለዚያ መድኃኒቱ ሴረሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መድኃኒታችሁን 1 ማይክሮሞላር ስጡ፣ ብዙ ከሰጣችሁ ኢንዛይሙ ይሞላና ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ይመስላችኋል፣ የሚያሟሟው ዲኤምኤስኦ ከ0.1% አይብለጥ። በ0፣ 15፣ 30፣ 60፣ 120 እና 240 ደቂቃ ውሰዱ፣ ለእያንዳንዷ የመውሰጃ ጊዜ ሦስት ሦስት ጉድጓድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ፣ ከላይ ሚዲያውን ብቻ መጥጦ ይወስድና መድኃኒቱ ቀነሰ ይላል፣ ሊሆን የሚችለው ግን መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ አልተቀየረም። ስለዚህ ሙሉውን ጉድጓድ ነው የምትሰበስቡት፣ ሁለት ሦስት እጥፍ ቀዝቃዛ አሴቶናይትራይል ጨምሩበት፣ ሁሉንም ነገር ያቆመዋል፣ ሴሉንም ይሰብራል፣ ፕሮቲኑንም ያረጋዋል፣ ፋቁትና ሰብስቡት። አሴቶናይትራይሉ ውስጥ ቀድማችሁ ኢንተርናል ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ ንጥረ ነገር) አድርጉበት፣ ፒፔት የሳተውን ኋላ የሚያስተካክልላችሁ እሱ ነው።

ኮንትሮሎቹ፣ ሴል የሌለበት ጉድጓድ (መድኃኒቱ በራሱ ይፈርሳል ወይ፣ ፕላስቲኩ ይይዘዋል ወይ)፣ መድኃኒት የሌለበት ሴል፣ እና አሚኖቤንዞትራያዞል የተሰጠው ሴል፣ ይሄ አብዛኛውን ሲዋይፒ ዝም የሚያሰኝ ነው፣ በሱ ጊዜ መጥፋቱ ከቆመ ሲዋይፒ ነው ሥራውን የሚሠራው ማለት ነው።

መለኪያው ኤልሲ ኤምኤስ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በክብደታቸው የሚለካ መሣሪያ) ነው። እሱ ከሌላችሁ ሳምፕሉን ሰማንያ ከዜሮ በታች አስቀምጡና ያለው ቦታ ወረፋ ያዙ፣ ግን ሳምፕላችሁ ሲጠብቅ እንደማይበላሽ ለማወቅ ያወቃችሁትን መጠን የጨመራችሁበት ሳምፕል አብራችሁ አስቀምጡ። ወረፋው ወር ከፈጀ ይጠቅማችኋል፣ ወር ይፈጃል ደግሞ።

ስሌቱ ያስፈራል እንጂ ካልኩሌተር ነው። የቀረውን ፐርሰንት ሎግ (ናቹራሉን) አድርጋችሁ ከደቂቃው ጋር ሳሉት፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይወጣል፣ የቁልቁለቱ ልክ ኬ ነው። 0.693ን ለኬ ስታካፍሉ ግማሽ ዕድሜው ይመጣል። ለምሳሌ ግማሽ ዕድሜው 60 ደቂቃ ሆነ እንበል፣ ኬ 0.01155 ይሆናል። ጉድጓዱ ውስጥ 400 ሺህ ሴል በ0.4 ሚሊሊትር ካለ በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ ክሊራንሱ በደቂቃ በሚሊዮን ሴል 11.55 ማይክሮሊትር ነው። አሁን ይሄን ወደ ሰው ማሳደግ ነው፣ በአንድ ግራም ጉበት ውስጥ 120 ሚሊዮን ሴል ተብሎ ይታሰባል፣ በአንድ ኪሎ ክብደት ደግሞ 25.7 ግራም ጉበት፣ ስታባዙት በደቂቃ በኪሎ 35.6 ሚሊሊትር። ግን ጉበት ከሚመጣለት ደም በላይ ማጽዳት አይችልም፣ የሚመጣለት ደም በደቂቃ በኪሎ 20.7 ሚሊሊትር ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን አባዝታችሁ ለድምራቸው ታካፍላላችሁ።

እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። ደም ውስጥ አብዛኛው መድኃኒት ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው የሚዞረው፣ ጉበት የሚነካው ነፃውን ብቻ ነው። ነፃው 10% ከሆነ 35.6ን በ0.1 ታባዙና 3.56 ይሆናል፣ 20.7 ሲባዛ በ3.56 ሲካፈል ለ24.26፣ 3 ገደማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በደቂቃ 213 ሚሊሊትር። ይሄን ነፃ ክፍል የሚባለውን ረስታችሁ ብታሰሉት 13 ነበር የሚመጣው፣ ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት፣ ዶዝ የሚወስን ሰው እጅ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሌላው፣ ቅድም ያዙት ያልኳችሁ ግማሽ በግማሽ ነገር፣ 400 ሺህ ብላችሁ የቆጠራችሁት ግማሹ የሐሞት ቱቦ ሴል ነው፣ ስለዚህ ቁጥራችሁን እንዴት እንዳካፈላችሁ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ከሌላ ሰው ዳታ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ሁሉንም ልክ አድርጋችሁም እንኳን ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሰው ያነሰ ክሊራንስ ነው የሚወጣው፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ለዚህ ነው ሰው ውስጥ ክሊራንሳቸው የሚታወቅ መድኃኒቶች አብረው የሚሄዱት፣ በነሱ ስንት እንዳነሰ አይታችሁ የራሳችሁን ታርማላችሁ። መድኃኒቱ በ4 ሰዓት 10% እንኳን ካልቀነሰ ደግሞ በዚህ መንገድ ቁጥር አታውጡ፣ ቁልቁለቱ የፒፔት ስህተት ነው የሚሆነው፣ ሴሉን ኳስ አድርጎ የሚያሳድገውን የማያጣብቅ ፕሌት ተጠቅማችሁ ለቀናት ማስኬድ ይሻላል፣ ኳስ የሆነ ሴል ጉበትነቱን ለሳምንታት ይይዛል።

እኛ አገር ይሄ ሥራ በጣም የሚጠቅምበት ቦታ የመድኃኒት መጋጨት ነው። የቲቢ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን 10 ማይክሮሞላር ለሁለት ሦስት ቀን በየቀኑ አድሱለት፣ ከዛ ሚዳዞላም ስጡት፣ ሴላችሁ ደህና ከሆነ 3ኤ4 ከፍ ሲል በግልጽ ታያላችሁ፣ ሪፋምፒሲን የሚያበራው ማብሪያ ማጥፊያ ፒኤክስአር የሚባለው ሄፓ አርጂ ውስጥ አለ። ቲቢ እና ኤችአይቪ አንድ ላይ ያለበት ታካሚ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለቴ 50 ሚሊግራም የሚወስደው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ሪፋምፒሲኑ ዩጂቲውንም 3ኤውንም አስነስቶ ቶሎ ያስጠፋዋል። ዳማከሴውን፣ ጤና አዳሙን፣ ምናምኑን በዚህ መፈተሽ የምትፈልጉ ልጆች አላችሁ፣ አሪፍ ነው፣ ጤና አዳም ውስጥ ከግሬፕፍሩት ጋር የሚዛመዱ ፉራኖኩማሪኖች አሉ፣ ግን ድፍን ጭማቂውን ሴሉ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ሴሉን የማይገድለውን መጠን ፈልጉ፣ የሞተ ሴል መድኃኒት አያጠፋምና «ኢንዛይሙን አፈነ» ብላችሁ እንዳታወጁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ። 1996 ላይ የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29% የሚሆኑት የሲዋይፒ 2ዲ6 ጂናቸው የተደገመ ወይ ከዛ በላይ የተደጋገመ መሆኑን አሳይቷል። ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚቀየረው በ2ዲ6 ነው፣ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተለመደው ዶዝ ከታሰበው በላይ ሞርፊን ሊሆንበት ይችላል። ጫት ደግሞ የዚሁኑ ኢንዛይም ሥራ እንደሚቀንስ ሰው ላይ ታይቷል፣ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። እንግዲህ ሄፓ አርጂ የአንዲት ሴት ጉበት ነው፣ 2ዲ6 ላይ ደግሞ በጣም ደካማ ነው። ይሄን ሴል ይዛችሁ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ ወይ ሌላ በ2ዲ6 የሚሄድ መድኃኒት ብታጠኑ «አይቀየርም» ይላችኋል፣ እናንተም እንደኔ ትጽፉታላችሁ፣ ከመርካቶ እስከ አራት ኪሎ የሚሄደውን ሰው ጉበት ግን አልጠየቃችሁትም። ለዛ ጥያቄ ወይ ከተለያዩ ሰዎች የተሰበሰበ የቀዘቀዘ ሴል፣ ወይ ጂኑ ከታወቀ ሰው የተሠራ አይፒኤስ ነው የሚያስፈልገው፣ አይፒኤሱ ገና ሕፃን ነው ብያለሁ፣ ግን ከራሳችን ሰው ሴል ሠርቶ የሚያበስለው ልጅ ከተገኘ እኔ በግሌ ክትፎ እጋብዘዋለሁ።

ያ የጀበና ቡናው ልጅ ትናንት ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ጋ አገኘኝና «እና ሴሉን ከየት ልዘዝ?» አለኝ። ሴሉን ተወው፣ መጀመሪያ የሚዳዞላሙን ወረቀት ጀምር አልኩት፣ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል፣ ሴሉ በስሎ ሚዳዞላሙ ካልደረሰ ጋሼ ከኋላህ መጥተው ይቆማሉ።